ሰውዬው አልቆለታል ወይስ ገና ነው? ደሪክ ሄንሪን የመዘንኩበት መንገድ

በፈረንጆቹ 2024 መጋቢት ላይ ባልቲሞር ሬቨንስ ራኒንግ ባኩን ደሪክ ሄንሪን በ2 ዓመት ውል፣ በ16 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። እኛ ሜሪላንድ ሆነን እሁድ እሁድ የአሜሪካ ፉትቦል የምናይ ጓደኛሞች ወዲያው ለሁለት ተከፈልን። ግማሹ «ያለቀለት ሰው ነው፣ ብር ማባከን ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «አንተ፣ ሄንሪ እኮ ነው!» ከማለት ያለፈ ማስረጃ አልነበረውም። ሁለቱም ወገን አላሳመነኝም። ያለፈውን ዓመት ጨዋታዎች ከፍቼ ራሴ ልየው አልኩ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ራኒንግ ባክ ማለት ኳሷን ከኳርተርባኩ (ጨዋታውን ከሚመራውና ኳሷን ከሚወረውረው ሰው) እጅ ተቀብሎ ተከላካዮችን ጥሶ የሚሮጥ ተጫዋች ነው። በየሩጫው አንድ ሁለት ግዙፍ ሰው ይላተመዋል። ስለዚህ ቶሎ ያረጃል። 30 ዓመት ሲሞላው ክለቦች ፊታቸውን ያዞሩበታል። ሄንሪ ደግሞ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ 30 ደፍኖ ነበር።

ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ሻን አሌክሳንደር በ2005 ለሲያትል 1,880 ያርድ (አንድ ያርድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው) ሮጦ የሊጉ ኮከብ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት እግሩን ተጎድቶ 896 ላይ ቀረ፤ የድሮው አሌክሳንደር ከዚያ ወዲያ አልታየም። በሌላ በኩል ፍራንክ ጎር 37 ዓመቱም ላይ ይሮጥ ነበር። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የተመረተበትን ዓመት ብቻ አይቶ አይወስንም፤ ኪሎ ሜትሩን ያያል፣ ከዚያ ኮፈኑን ይከፍታል። የሄንሪ ኪሎ ሜትር እስከዚያ ድረስ በመደበኛው ውድድር 2,030 ሩጫ ነበር። ብዙ ነው። ኮፈኑን መክፈት ቀረኝ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ቁጥር ጥሩ አልነበረም። ሄንሪ በ2023 ለቴኔሲ ታይታንስ 280 ጊዜ ሮጦ 1,167 ያርድ አገኘ። በአማካይ 4.2 ማለት ነው። ወጣቱ የቡድን ጓደኛው ታይጄ ስፒርስ ደግሞ 100 ጊዜ ሮጦ 453 ያርድ አመጣ፤ 4.5። ተከላካዮችን እየገፉ መንገድ የሚከፍቱላቸው አጋቾች ያው እነዚያው ሰዎች ናቸው። «ይኸው፣ ልጁ በልጦታል» ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር።

ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ቪዲዮውን እያቆምኩ ኳሷ የምትነሳበት መስመር አጠገብ የተደረደሩትን ተከላካዮች ስቆጥር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሄንሪ ሲገባ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሩጫ እንደሆነ ያውቃል። ብዙ ጊዜ 8 ሰው ፊቱ ይደረደራል። ስፒርስ በአብዛኛው የሚገባው ተቃራኒው ቡድን «አሁን ይወረውራሉ» ብሎ በተበተነበት ሰዓት ነው። አንዱን ከሌላው ለማወዳደር ሁለቱ የሚሮጡበትን ሁኔታ ማወቅ ግድ ነው።

ከዚያ ደብተር ይዤ ለእያንዳንዱ ሩጫ ሁለት ነገር ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ የተነካው የት ነው? የወደቀውስ የት ነው? እስኪነካ ድረስ ያለው ርቀት በአብዛኛው የአጋቾቹ ሥራ ነው። ከተነካ በኋላ ያለው የራሱ ነው። አንድ ዓይነት ሩጫ ደጋግሞ መጣብኝ። ሄንሪ ኳሷን ይቀበላል። ገና ቀና ሳይል አንዱ ከመስመሩ ኋላ ደርሶ ይጠመጠምበታል። እሱን እየጎተተ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ወገቡን ያንቀዋል፣ ሲወድቅ ወደ ፊት ይወድቃል። መዝገቡ ላይ «2 ያርድ» ተብሎ ይሰፍራል። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ሽማግሌ ነው ይላል። እኔ ደብተር ላይ ግን ያ ሩጫ ከጥሩዎቹ ተርታ ነው የገባው።

አንድ ነገር አሁንም አላስተኛኝ አለ። የመጀመሪያ እርምጃዎቹ ከባድ ናቸው። እግሩ ዘግይቷል ማለት ነው? ለዚህ ብዬ 2,027 ያርድ የሮጠበትን የ2020 ዓመት ከፈትኩ። ያኔም እንዲሁ ነው! 110 ኪሎ ያለፈ ሰው ነው፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ልማዱን እርጅና ብዬ እንዳልመዘግብ ያዳነኝ ይሄ ነው። አንድን ተጫዋች ከወጣቶቹ ጋር ከማወዳደር በፊት ከራሱ ጋር ማወዳደር ይቀድማል።

ለታይታንስ የተጫወተበትን የመጨረሻ ጨዋታ ደጋግሜ አየሁት። ተጋጣሚው ጃክሰንቪል ነበር። 6 አሸንፎ 11 በተሸነፈ ቡድን ውስጥ 19 ጊዜ ሮጦ 153 ያርድ አመጣ። ከዚያ ላይ የ69 ያርዷን ሩጫ ብናነሳ እንኳ የቀሩት 18ቱ በአማካይ 4.7 ገደማ ይወጣቸዋል። ይህን ረጅሙን ሩጫ አውጥቶ የማየት ልማድ ያመጣሁት ከዋሽንግተኑ አድሪያን ፒተርሰን ነው። በ2018፣ በ33 ዓመቱ፣ 1,042 ያርድ ሮጦ ሰፈራችንን ጉድ አሰኝቶ ነበር። ከፊላደልፊያ ጋር ያደረጋትን የ90 ያርድ ሩጫ ብታወጡ ግን አማካዩ ከ4.2 ወደ 3.8 ይወርዳል። ያቺ ሩጫ አትቆጠር ማለቴ አይደለም። የሳምንት ሳምንቱን ሥራ ግን ትሸፍናለች።

ለሄንሪ የጻፍኩት ብይን «ገና ነው፣ ግን ለሬቨንስ» የሚል ነበር። የሬቨንሱ ላማር ጃክሰን ራሱ የሚሮጥ ኳርተርባክ ነው። ዳር ያለው ተከላካይ እሱን ትቶ ወደ መሃል መግባት አይችልም። ያቺ የአፍታ ማመንታት ለሄንሪ መንደርደሪያ ትሆናለች። የተወረወረ ኳስ መቀበልና ኳርተርባኩን ከተከላካዮች መጠበቅ ላይ ግን ብዙ አልሰጠሁትም፤ ባልቲሞርም ለዚያ ሥራ በአብዛኛው ጀስቲስ ሂልን ነው ያስገባው።

በ2024 የሆነውን ታውቁታላችሁ። 325 ሩጫ፣ 1,921 ያርድ፣ በአማካይ 5.9። ከቡፋሎ ጋር ገና በመጀመሪያው ኳስ 87 ያርድ ሮጦ አገባ። በአንድ ክረምት ወጣት ሆኖ አይደለም። ፊቱ የሚቆመው ሰው ቁጥር ተቀየረ።

ይሄው መንገድ በዚያው ዓመት ተቃራኒውንም አሳየኝ። ኢዚኪየል ኤሊየት ወደ ዳላስ ሲመለስ ከሄንሪ በዕድሜ ያንስ ነበር። ሆኖም 74 ጊዜ ሮጦ 226 ያርድ ብቻ አገኘ፤ 3.1። የቡድን ጓደኛው ሪኮ ዳውድል በእነዚያው አጋቾች ጀርባ 4.6 አመጣ። እዚህ ግን በሁኔታ የሚመካኝ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ጉልበቱ አለ፣ አንድ ያርድ ስትፈለግ ይገፋታል። የጠፋው ከታጠፈ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው፤ ክፍተቱን እያየ አይደርስበትም። ዳላስ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ሲቀረው አሰናበተው። ከወር በፊት ቢያደርጉትም የሚፈርድባቸው አልነበረም።