ድንበር ያቋረጠችው ሚጥሚጣ

የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጣና ጎሪላ ሳላይ አልመለስም አለ። እኔ የምሰራው ኪጋሊ ስለሆነ እዚሁ ሩዋንዳ ቮልኬኖስ ፓርክ አለልህ ብዬ ዋጋውን ስነግረው ጸጥ። የውጭ ዜጋ 1500 ዶላር ነው የሚከፍለው፣ እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ እንደዛ ነው፣ ያውም ጎሪላው ጋ ለምትቆይባት አንድ ሰዓት። ዩጋንዳ ያለው የብዊንዲ ጫካ ግን፣ እዛም ጎሪላ አለ፣ 800። «በቃ ድንበር እንሻገራለን» አለ። 700 ዶላር ለማትረፍ ድንበር የማይሻገር ሀበሻ ካለ እጁን ያውጣ።

አሁን ሚጥሚጣዋ ጋ ልምጣ። እናቱ አዲስ አበባ ላይ ልጄ ሰው አገር አልጫ ሲበላ ሊከርም ነው ብላ አንድ ቋጠሮ ሚጥሚጣ በሶስት ፌስታል ደራርባ ሰጠችው። ሩዋንዳ ደግሞ ፌስታል እ.ኤ.አ ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ቀልድ የለም፣ ኪጋሊ ኤርፖርት ሻንጣውን ከፍተው ፌስታሉን ብቻ ለቅመው ወሰዱበት። ሚጥሚጣዋ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ተገልብጣ ቤቴ ደረሰች። ይሄ ሰውዬ ታዲያ ያንን ፖስታ ለጉዞው በሚይዘው ቦርሳ ከጃኬቱ፣ ከማስኩ፣ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ጠቅጥቆት ኖሯል፣ ለምን ስለው «መንገድ ላይ ሥጋ ብናገኝስ?»

ከኪጋሊ እስከ ሙሳንዜ መንገዱ ዳገትና ኩርባ ነው፣ ከሙሳንዜ ቻኒካ ድንበር ግን ቅርብ ነው፣ የሙሃቡራ ተራራ ከፊትህ ተገትሮ ይጠብቅሃል። ድንበር ላይ ወረፋችን ደረሰና ፓስፖርቱን ሰጠ። መኮንኑ ገለጥ ሲያደርገው ከገጾቹ መሀል ቀይ ዱቄት ቦነነ። አንዴ አነጠሰ። ሁለቴ። ከዛ በዛው ጣቱ አይኑን አሸ። በቃ። ቀጥሎ ቦርሳውን የፈተሸችው ልጅ ማነጠስ ጀመረች፣ ከኋላችን ድንች በጆንያ የተሸከሙት ነጋዴዎችም ተከተሉ፣ ሙቀት የሚለካው ሰውዬ መለኪያዋን እንደ ሽጉጥ ደግኖ መጣና ግንባራችንን እየደጋገመ ለካን። ትኩሳት የለም። «ስፓይስ ነው፣ ስፓይስ» እላለሁ እኔ በላብ ተጠምቄ፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ አጠገቤ ቆሞ ይስቃል። ፖስታው ለካ ታች ሆዱ ተቀዷል፣ ያለችውን ጠርገን በሌላ ወረቀት ቋጠርንና አለፍን።

ዩጋንዳ ስትገባ መኪና በግራ ነው የሚነዳው፣ ሩዋንዳ በቀኝ፣ ስለዚህ እስከምናድርባት ከተማ እስከ ኪሶሮ ድረስ ከፊት መኪና በመጣ ቁጥር የአክስቴ ልጅ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ሰዓቱም በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እሱን እንኳን አውቄዋለሁ፣ ግን ኪሶሮ ለድንበሩ በጣም ስለምትቀርብ ስልኬ ሌሊት ተመልሶ የሩዋንዳ ኔትወርክ ይዞ አደረ፣ አላርሙም በኪጋሊ ሰዓት ጮኸ። ብሪፊንግ፣ ማለትም ከመግባትህ በፊት የሚሰጥህ ማብራሪያ፣ ሩሻጋ በሚባለው የብዊንዲ መግቢያ 2 ሰዓት ጠዋት ነው፣ ፊት ሳንታጠብ በኮረኮንቹ እየተንገጫገጭን ደረስን፣ ሊያልቅ ሲል። የሰማነው የመጨረሻዋን ብቻ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው አይገባም፣ የሰው በሽታ ወደ ጎሪላ ይተላለፋል፣ 10 ሜትር ርቀት ይጠበቅ።

ጫካው በእንግሊዝኛ ስሙ «ኢምፔኔትረብል» እንደሚለው ነው፣ የማይገባበት። መሬቱ የቱ ጋ እንደሆነ አታውቅም፣ እግርህ የተደራረበ ሐረግ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ወድቄ ልያዝ ያልኩት ሁሉ ሳማ ነው። ፖርተር፣ ቦርሳህን ተሸክሞ የሚያግዝህ ሰው፣ መያዝ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፣ እኔን ያች ልጅ ባትጎትተኝ እስካሁን እዛው ነኝ።

ደረስን። የሚመራን የፓርኩ ጠባቂ፣ ሬንጀሩ፣ በሹክሹክታ «ማስክ አድርጉ» አለ። ሲልቨርባኩ፣ ጀርባው የሸበተው ትልቁ ወንድ ጎሪላ፣ ከፊታችን ቁጭ ብሎ አንድ ግንድ ልጣጩን በጥርሱ እየላጠ ይበላል፣ ጀርባው የአልጋ ፍራሽ ነው የሚያክለው። የአክስቴ ልጅ ከዛች ቦርሳ ማስኩን አወጣና ፊቱ ላይ ለጠፈ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ተነፈሰ፣ ከዛ አይኑ ፈጠጠ። እኔ ገብቶኛል። ሰው ማስነጠስ ሲያፍን እንደዛ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም፣ እንባው ዝርግፍ፣ በመጨረሻ ጫካውን የሚያናጋ አንድ ማስነጠስ ለቀቀው። ሲልቨርባኩ ማኘኩን አቁሞ አየን። ሬንጀሩ ልጁን በጃኬቱ ማጅራት ይዞ ከዛፍ ጀርባ ጎተተው።

«ታመሃል?»

«አልታመምኩም፣ በርበሬ ነው» አለና ቋጠሮዋን አወጣ። ሬንጀሩ ከሩቅ አሸተታት፣ ፊቱን አዞረ፣ አዲስ ማስክ ከኪሱ ሰጠውና ቆይቶ፣ «እኛ አገር ገበሬው ይሄን ዝሆን ከእርሻው ለማባረር ያጨሰዋል። እናንተ ምን ታደርጉበታላችሁ?» አለ።

«እንበላዋለን።»

«በምን?»

«በጥሬ ሥጋ» አለ የአክስቴ ልጅ፣ አፍንጫውን እየጠረገ፣ ኩራት በተሞላበት ድምጽ።

ሬንጀሩ እሱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ቅጠሉን በሰላም የሚያመነዥከውን ሲልቨርባክ አየው። ከዛ በኋላ 10 ሜትሯን የሚጠብቀው ከኛ ነበር።