ተማሪዎቼ አፋቸውን የፈቱት በታንኳ ነው

ባሕር ዳር ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ተምረዋል። ግራመሩን ሸምድደውታል። ተነሥታችሁ ተናገሩ ሲባሉ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። 62 ልጅ አንገቱን ደፍቶ ደብተሩን ያያል።

ፍላጎት የላቸውም ብዬ ደመደምኩ። እንግሊዝኛ ሥራ ያስገኛል፣ ከሰው ያግባባል እያልኩ ስንት ክፍለ ጊዜ በምክር ፈጀሁ። አንድ ቀን «እንግሊዝኛ መናገር ለምን ትፈልጋላችሁ? ምንስ ያዛችሁ?» ብዬ በአማርኛ አስጻፍኳቸው። ቤቴ ወስጄ ሳነበው አፈርኩ። አንዱ ቱሪስት ይዞ ወደ ገዳማቱ መሄድ ይመኛል። አንዷ ሐኪም ልትሆን ነው። ፍላጎቱማ ሞልቶ ተርፏል። «ቲቸር፣ ስሳሳት ይስቁብኛል፤ ሼም ይይዘኛል» የሚለው ግን ከግማሽ በላይ ወረቀት ላይ ነበር።

ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ይብሳል። ስድስት ጎበዝ ተማሪዎች ይዤ ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎች ከሚነሡበት ዳርቻ ወረድኩ። ፈረንጅ ሲያገኙ ይነቃቃሉ ብዬ ነበር። «ሃሎ» አሉ፣ «ዌር አር ዩ ፍሮም» አሉ፣ አለቀ። አንዷን ልጅ ቱሪስቱ መልሶ ሲጠይቃት ቃል ጠፋባት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ክፍል ውስጥ ድምጿን አልሰማሁም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ የተቀየረው ሰሌዳ ላይ በጻፍኩት አንድ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ነው። የጣና ታንኳ ከእንጨት ይሠራል ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ያሰብኩት ለግራመሩ ነበር፣ ለታንኳው አልነበረም። ከኋላ አንድ ልጅ ብድግ አለ። አጎቱ ታንኳ ይሠራል።

«ኖ ቲቸር! ኖት ውድ! ደንገል!»

ግሥ የለውም። ፍርሃትም የለውም። ላርመው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «ኋይ ደንገል?» አልኩት። ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ቀላል ተክል መሆኑን፣ ውሃ ሲጠጣ እንደሚከብድ፣ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ እንደሚያደርቁት በተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጁ አስረዳን። ማንም አልሳቀም። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም ነበር፤ ማወቅ ፈልገው ሰሙት።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ማኪንታየርና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለ መናገር ፈቃደኝነት ያወጡት ሐሳብ ያኔ ነው የገባኝ። አጠቃላይ ፍላጎት ከሥር ያለ ነው። ለንግግሩ የሚቀርቡት ግን ሌሎች ናቸው፦ ለዚህ ሰው ይህን ልንገረው የሚል ጉጉት፣ አሁን እችላለሁ የሚልም ልብ። እኔ ሥሩን ብቻ ሳጠጣ ከርሜያለሁ።

አንድ ለአምስት ቡድኑን ተውኩት። እዚያ አንድ ጎበዝ ያወራል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ሁለት ሁለት አደረግኳቸው። የዓሣ አስጋሪው ልጅ ቆሮሶና አምባዛ በምን እንደሚለዩ ለጓደኛው ይነግረዋል፤ ጓደኛው እየሰማ ይሥላል። ሰሚው የምሩን የማያውቀው ነገር መሆን አለበት፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ በአማርኛ ይመካከራሉ። ከዚያ ያወራሉ፣ ሰው ይቀይራሉ፣ ያንኑ ደግመው ያወራሉ። ሁለተኛው ላይ ምላሳቸው ሲፈታ ይሰማኛል። ስህተቱን ደብተሬ ላይ እይዛለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስቱን ብቻ፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር፣ ሰሌዳ ላይ እናርማለን።

ጫጫታው ከባድ ነው። መጽሐፉም ይዘገያል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፣ ማንንም አያናግርም፤ «ይህ ምን ያደርግልናል?» ያሉኝ ተማሪዎች አሉ፣ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው የምወስደው። አሁንም አፋቸውን ያልፈቱ አሉ።

ያቺ ጀልባው ዳር ቃል የጠፋባት ልጅ ግንቦት ላይ ስለ ዘጌ ቡና ለጓደኛዋ ስታወራ ደረስኩ። አያቷ የዘጌ ሰው ናቸው። አቆላሉን፣ አወቃቀጡን በእጇ ታሳያለች። ድንገት ቆም ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ረከቦት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

አንድ ቃል የለውም አልኳት።

«ኦኬ» አለችና ወደ ጓደኛዋ ተመለሰች። «ዚስ ኢዝ ረከቦት» ብላ በጣቷ አየር ላይ ሣለችላት፣ ወሬዋንም ቀጠለች።