ከዓመተ ምሕረቱ በስተግራ ያለች ትንሽ ፊደል

ፔኒዋን፣ ያችን አሮጌ የእንግሊዝ ሳንቲም፣ ያገኘኋት ከዛጉ ቁልፎችና ከቆሙ ሰዓቶች ሥር፣ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። እሑድ ጠዋት ነበር። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቤት መሄድ ሲገባኝ ወደ ካር ቡት ታጠፍኩ። ካር ቡት ማለት እዚህ እንግሊዝ አገር ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን በመኪና ጭነው መጥተው፣ ሜዳ ላይ የመኪናውን ኋላ ከፍተው የሚሸጡበት ገበያ ነው። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። «አንዱ ሃምሳ ፔንስ ነው፣ ባብ» አሉኝ። የበርሚንግሃም ሰው ሲያቀርብህ «ባብ» ይልሃል፤ እኛ «የኔ ልጅ» እንደምንለው ማለት ነው።

ፔኒዋ ጥቁር ቡናማ ናት። በዘውዱ በኩል የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ጢም ተፍቆ ከጉንጩ ጋር አንድ ሆኗል። በጎፈሩ በኩል የአገሪቱ ምልክት የሆነችው ሴት፣ ብሪታኒያ፣ ጋሻዋን አስደግፋ፣ ሹካ መሳይ ጦሯን ይዛ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር 1912 ይላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዓመቱ በስተግራ ደግሞ አንዲት ፊደል አለች። ጤፍ ታክላለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳያት «ኤች» ሆና አገኘኋት።

ያን ቀን ምን እንደሆነች አላወቅኩም። ማታ ፈልጌ ሳነብ እንቅልፌ ጠፋ። ኤች ማለት ሂተን ነው። ሂተን እዚሁ በርሚንግሃም፣ አይክኒልድ ስትሪት ላይ የነበረ የሳንቲም ፋብሪካ ነው። የለንደኑ መንግሥታዊ ማተሚያ ሥራ ሲበዛበት ፔኒ እንዲያትም ለሂተን ይሰጠው ነበር። በበርሚንግሃም የታተመው እንዲለይ ያችን ፊደል ያስገቡባታል። እኔ ወደ ሥራ የምሄድበት አውቶቡስ በዚያ መንገድ ነው የሚያልፈው! ስንት ጊዜ እዚያ ጋ መስታወት ተደግፌ አንቀላፍቻለሁ። ፋብሪካው 2003 ላይ ተዘግቷል። ሳንቲሟ ግን ከመቶ ዓመት በላይ በሰው እጅ ዞራ ዞራ፣ ከተወለደችበት ብዙም ሳትርቅ እኔ እጅ ገባች።

እንዲህ ነው የጀመርኩት። አሁን ስምንት ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ለምን የእንግሊዝ ሳንቲም ትሰበስቢያለሽ የሚሉኝ አሉ። የኛን ብትሰበስቢ አይሻልም ወይ ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱ የተለያዩ አይመስሉኝም። አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ ሃያ አምስት ሳንቲም ስሙኒ፣ ሃምሳ ሳንቲም ሽልንግ ነበር። እናቴ «ሽልንግ ይዘሽ ሂጂ» ስትለኝ ቃሉ ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የመጣው ከእንግሊዞች ነው። ጣልያን 1941 ላይ ሲወጣ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አገራችን ገባ። በአንድ በኩል የንጉሡ ራስ፣ በሌላው በኩል ከኋላው ተራራ ያለ አንበሳ አለበት። 1945 ላይ የራሳችን ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ስለዚህ የብር ግማሽ፣ ሃምሳ ሳንቲሙ፣ ሽልንግ ሆኖ ቀረ። ይህን ያወቅኩ ቀን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ፈልጌ ገዛሁ። ሦስት ፓውንድ ነው የከፈልኩበት። ከስብስቤ ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

የእንግሊዙ ሽልንግ ራሱ አሥራ ሁለት ፔኒ ነበር። ሃያ ሽልንግ አንድ ፓውንድ ይሆናል። ስለዚህ ፓውንዱ 240 ፔኒ ነው። እንግሊዞች ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ሲሸምቱ ኖረው፣ የካቲት ወር 1971 ላይ ወደ መቶ ፔኒ ዞሩ። ፔኒን በአጭሩ ሲጽፉ «ፒ» ሳይሆን «ዲ» ይሉ ነበር። «ዲ» ከሮማውያን ዲናር የመጣ ነው። ወንጌል ላይ ስለ ግብር ሲጠይቁት ለጌታ ያመጡለት ያው ዲናር!

አሁን ለመለየት ወደሚያስቸግረው ልምጣ። ብዙ ሰው ሳንቲም ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያየው ዓመተ ምሕረቱን ነው። አሮጌ ሳንቲም ላይ ግን ቶሎ ከሚፋቁት አንዱ ዓመቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ራሱን ነው። የቪክቶሪያ ፔኒ ላይ ንግሥቲቱ ወጣት ሆና ፀጉሯን ከኋላዋ ቋጥራ ከሆነ ከ1860 እስከ 1894 ባለው ውስጥ ነው። አርጅታ ነጠላ እንደለበሰች ሴት ሻሽ ከራሷ ወደ ትከሻዋ ከወረደ ከ1895 ጀምሮ ነው። ከ1860 በፊት የነበሩት መዳብ ናቸው፤ ወፈር ይላሉ። ነገሥታቱ ደግሞ ፊታቸውን በተራ ያዞራሉ። ኤድዋርድ ሰባተኛ ወደ ቀኝ ካየ ጆርጅ አምስተኛ ወደ ግራ ያያል። ፊቱ ጨርሶ ቢፋቅ እንኳ አፍንጫው ወዴት እንደዞረ ይታወቃል። ይህ ብቻ ስንቱን አስለይቶኛል።

ጽሑፉም ይናገራል። ላቲን ስለሆነ ያስፈራል እንጂ የሚደጋገም ነው። «ዲ ጂ» በእግዚአብሔር ጸጋ ማለት ነው። «ኤፍ ዲ» የሃይማኖት ጠባቂ ነው። «አይ ኤን ዲ፣ አይ ኤም ፒ» የሕንድ ንጉሠ ነገሥት ነው። ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ ይህ መጠሪያ ተሰርዟል። ስለዚህ የጆርጅ ስድስተኛ ሳንቲም ላይ ካለ ከ1949 በፊት ነው። ከሌለ 1949 ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ መንግሥት አንድ አገር ሲያጣ ከኪስ ሳንቲሙ ላይ ሦስት ሦስት ፊደል ይነሳል። እጄ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳይ ይገርመኛል።

በ1849 ደግሞ ፍሎሪን የሚባል የሁለት ሽልንግ ሳንቲም ሲያወጡ «በእግዚአብሔር ጸጋ» የሚለውን ተዉት። ሕዝቡ ተቆጣ። «እግዚአብሔር የሌለበት ፍሎሪን» የሚል ስም አወጣለት። 1851 ላይ በሌላ ተተካ፤ ጽሑፉ ተመለሰ። አዲሱ ላይ ዓመቱ በሮማውያን ቁጥር፣ በጥንት የቁም ጽሕፈት ስለተጻፈ ሻጮች ራሳቸው ማንበብ ያቅታቸዋል። እኔ አንዱን በዚያ ምክንያት ነው በርካሽ ያገኘሁት።

የብር ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን ለመመርመር ሚዛን ይረዳል። የወጥ ቤት ሚዛን ሳይሆን፣ የግራም መቶኛ የምታነብ ትንሽ የጌጥ ሚዛን። ሽልንግ 5.66 ግራም ነው። ሲክስፔንስ፣ ማለት ስድስት ፔኒው፣ ግማሹ፣ 2.83 ነው። ሃፍ ክራውን ሁለት ሽልንግ ተኩል ስለሆነ ክብደቱም ሁለት ተኩል እጥፍ፣ 14.14 ነው። ዋጋና ክብደት አብረው ይሄዳሉ። ነሐሱም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሦስት ፔኒ አንድ አውንስ፣ ማለት 28 ግራም ገደማ፣ ይመዝናል። እስከ 1919 ብሩ ከመቶ ዘጠና ሁለት ተኩል እጅ ንጹሕ ነበር። ከ1920 ጀምሮ ግማሽ ብቻ ሆነ። ከ1947 ወዲህ ብር የሚባል የለበትም፤ መዳብና ኒኬል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ የተበደሩትን ብር መመለስ ነበረባቸው። ጠረጴዛ ላይ ስታጋጫቸው ድምፃቸው ይለያያል። የድሮው ቀጭን ድምፅ ያወጣል፣ እንደ ጸናጽል። ግን አደራ፣ ደህናውን ሳንቲም እንዲህ አታጋጩት!

1905 የተባለ ሃፍ ክራውን ኢንተርኔት ላይ አይቼ ልቤ ቆመ። የዚያ ዓመት ሃፍ ክራውን ብርቅ ነው፤ የታተመው ቁጥር በጣም ትንሽ ነው። ሻጩ ዋጋውን ከገበያው ግማሽ አድርጎታል። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ። ሲደርስ መዘንኩት፤ 12.6 ግራም። ጠርዙ ላይ ያሉት ጥርሶች ደብዝዘዋል፤ ሳንቲሙ ግን ሌላው ቦታ አዲስ ነው። ይህ አይሆንም። በእውነት የተፋቀ ሳንቲም መጀመሪያ የሚፋቀው ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ ጉንጭ፣ ቅንድብ፣ የፀጉር ጫፍ። ገንዘቤን ለማስመለስ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ብርቅ ዓመት የምገዛው ሱቅ ገብቼ፣ በእጄ ይዤ፣ መዝኜ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ሰው ያደረሰብኝ አይደለም። ራሴ ያደረስኩት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የ1862 ፔኒ አገኘሁ። የቪክቶሪያ ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል። ሪባኑ ይታያል። ቀለሙ የተቆላ ቡና ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ቀላ ያለ ወዝ አለው። እኔ ግን ቆሻሻ መሰለኝ። ቤታችን የነሐስ መስቀልና የብር ዕቃ የሚታጠበው በሎሚና በአመድ ነው። አመድ ባላገኝ በሎሚና በጨው አሸሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ፔኒዋ እንደ አዲስ የመዳብ ቧንቧ ሮዝ ሆነች። ደስ አለኝ። በማግስቱ በጌጥ ሠሪዎች ሠፈር ወዳለ የሳንቲም ሱቅ ወስጄ አሳየሁ። ሰውየው አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ትናንት ይዘሽልኝ መጥተሽ ቢሆን ስልሳ ፓውንድ እሰጥሽ ነበር» አሉኝ። ዛሬስ አልኩ። «ዛሬ ሁለት።»

ገንዘቡ አይደለም ያሳዘነኝ። ያ ወዝ መቶ ሃምሳ ዓመት የፈጀ ነው። የሰው እጅ ላብ፣ የኪስ ጨርቅ፣ የመሳቢያ አየር ነው ያመጣው። ሳንቲሙ የኖረበት ዕድሜ ያ ነው፤ እኔ በግማሽ ሎሚ አጠብኩት። ፔኒዋን አልጣልኳትም። ከሳጥኑ መጀመሪያ ላይ ናት፤ ማንም ስብስቤን ላየው ሲለኝ መጀመሪያ የማሳየው እሷን ነው። ቆሻሻ ካለው በተጣራ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ሳያሹ ማድረቅ ነው። አረንጓዴ ዝገት የጀመረውን ከሌሎቹ መለየት ነው። ከዚያ ውጪ እጅን መሰብሰብ ነው። ሲይዙም በጠርዙ ነው የሚያዘው።

ለሚጀምር ሰው ወርቅ ሶቨሪን ግዛ አልልም። ሶቨሪን ቆንጆ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ እያየ የማይወደው የኛ ሰው የለም። ግን የሚገዛው ወርቁ ነው። በአንድ ፓውንድ የሚገዛ ፔኒ ያስተምርሃል። የጆርጅ አምስተኛ ፔኒዎች በኪሎ ነው የሚሸጡት ማለት ይቻላል። ከመካከላቸው 1918 ወይም 1919 የሆነውን አንስተህ በስተግራ ተመልከት። ኤች ካለ ጥሩ ነው። «ኬ ኤን» ካለ ደግሞ ኪንግስ ኖርተን ነው፤ እሱም የበርሚንግሃም ሠፈር ነው፤ ከኤቹም ይበልጥ ይፈለጋል። ሰው ከቆርቆሮ ውስጥ የሚያልፋቸው እነዚህን ነው። እኔ አንድ ኬ ኤን ለማግኘት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያገኘሁት ዝናብ ላይ ነው፤ ሻጯ ዕቃዋን እየሰበሰበች።

ሂተን ማሽኖቹን ያገኘው 1850 ላይ ከቦልተን ፋብሪካ ጨረታ ነው። ማቲው ቦልተን 1797 ላይ በእንፋሎት ኃይል፣ ሶሆ በሚባለው እዚሁ ባለ ሠፈር፣ አንድ ፔኒ ልክ አንድ አውንስ አድርጎ ያተመ ሰው ነው። ሰፊ ጠርዝ ስላለው የጋሪ ጎማ ይሉታል። እኔ ያለኝ ፊቱ ጠፍቷል፤ ግን መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው እጄ ዝቅ ይላል። ፔኒ ነው ብሎ ማመን ያቅታል።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። ጠገራ ብራችን፣ የማርያ ቴሬዛው፣ ሁሉም ላይ 1780 ይላል። የታተመው ግን ሁሉም በዚያ ዓመት አይደለም፤ ሁሉም ኦስትሪያም አይደለም። ከ1936 ጀምሮ ለንደን አትሞታል። በኋላ በርሚንግሃምም አትሞታል። ባለሙያዎች የሚለዩት በእቴጌይቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎችና የንስሩን የጅራት ላባ ቆጥረው ነው። እናቴ ጋ የአያቴ የአንገት ጌጥ አለ፤ መካከሉ ላይ አንድ ጠገራ ተንጠልጥሏል። ወዲያው ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያን ጠገራ ከቅርብ አድርገሽ ፎቶ አንሺልኝ። በሁለቱም በኩል።»

«ምን ሆነ ልጄ? እንዲያውም ለፋሲካ አጥቤ ላወጣው ነበር።»

«በምን?»

«በሎሚና በአመድ ነዋ፣ በምን ይታጠባል!»

ወንበሬ ላይ ተነስቼ ቆምኩ። እንዳትነኪው፣ እባክሽ፣ በማርያም አልኳት። ለምን እንደሆነ ሃያ ደቂቃ አስረዳኋት። ስለ ፔኒዋም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እሺ፣ እንደጠቆረ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ» አለችኝ። ፎቶው በማግስቱ መጣ። ትንሽ ተንቀጥቅጣ ነው ያነሳችው። ዕንቁዎቹን ለመቁጠር እየሞከርኩ ነው፤ ሰባት ላይ ደርሼ ብርሃኑ ያንጸባርቅብኛል። ሌላ እንድታነሳልኝ፣ መስኮት አጠገብ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ብያታለሁ።