መብራት የጠፋ ቀን ባቲ ገባኝ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት የአሥራ ሁለት ዘፈን ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራበትን የድምፆች ሥርዓት፣ በጆሮዬ ብቻ ለየሁ። አንዱንም አልሳትኩም። ሙያው ላለው ሰው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ የፈጀ ነገር ነው። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ያልተሳካልኝንም አልደብቅም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። እጄ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮዬ ግን ነፃ ነው። ከስፌት መኪናዬ ጎን ስፒከር አለ። ዘፈኑንም፣ ተከታታይ ድራማውንም፣ ፊልሙንም እየሰፋሁ ነው የምጨርሰው። ድራማ ከማየው የምሰማው ይበልጣል። ማታ ደግሞ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ምን ሰማሁ፣ ምኑን ወደድኩ፣ ምኑ አናደደኝ። አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነኝ።

አምና መስከረም ላይ የቆየውን ደብተር መልሼ ሳነብ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። በየገጹ "አንጀት ይበላል"፣ "ሆድ ያባባል" ብዬ ጽፌያለሁ። ለምን እንደሚያባባ ግን አንድም ቦታ የለም። ዝም ብዬ ስወድና ስጠላ ነው የኖርኩት ማለት ነው። እዚያው ቀን ቅኝት ልማር ብዬ ወሰንኩ።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። የአራቱን ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ትዝታና ባቲ ደግሞ ሜጀርና ማይነር ተብለው ይከፈላሉ። ስልኬ ላይ የፒያኖ አፕ ጫንኩ፣ ድምፆቹን አንድ በአንድ ጻፍኩ፣ በወሩ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። ጥር ላይ ባለ ስድስት አውታር ክራር ገዛሁ። ይሄን አላስረዝመውም። ማንም ሰው ትንሽ ከታገሠ ይደርስበታል።

ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የፒያኖ ጥቁር ቁልፎች ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ እንደገና ሁለት፣ እንደገና ሦስት ሆነው ነው የተደረደሩት። ነጮቹን ሳትነኩ ጥቁሮቹን ብቻ ብትጫወቱ ትዝታ ሜጀር ይወጣል። ይሄን ያገኘሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጣቴን የትም ባሳርፈው ያምራል፤ የሚያስቀይም ድምፅ የለም። መንገዱን ያገኘሁት መሰለኝ። ዘፈን እሰማለሁ፣ ከፍታውን በአፑ አስተካክላለሁ፣ ድምፆቹን ጥቁሮቹ ላይ እፈልጋለሁ። አምስቱም እዚያ ካሉ "ትዝታ" ብዬ እጽፋለሁ።

አራት ወር ሙሉ እንዲህ ጻፍኩ። ከዚያ ክራር የሚጫወት አንድ ጓደኛዬ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ደብተሬን አገላበጠው። ትዝታ ካልኳቸው ውስጥ ብዙዎቹ ባቲ ማይነር ናቸው አለኝ። አልተቀበልኩትም። ስልኬን አውጥቼ አምስቱንም ድምፅ አንድ በአንድ አሳየሁት።

"ድምፆቹማ ያው ናቸው" አለኝ። "ማረፊያው ነው የሚለየው።"

ቤቴ ገብቼ ስሞክረው እውነቱን ነው። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነር በነዚያው አምስት ጥቁር ቁልፎች ይሠራሉ። ዜማው ዞሮ ዞሮ ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያው ላይ ካረፈ ትዝታ ሜጀር ነው። ከሁለቱ ጥቁሮች ሁለተኛው ላይ ካረፈ ግን ባቲ ማይነር ይሆናል። ነጮቹም (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ የሚባሉት፤ ዶ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነው) ላይ እንዲሁ ነው። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋን ውሰዱ። ማረፊያችሁ ላ ከሆነ ትዝታ ማይነር ነው። ያንኑ አምስት ድምፅ ይዛችሁ ሚ ላይ ብታርፉ አምባሰል ይሆናል። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት በፊት በር እና በጓሮ በር እንደመግባት ነው። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሰው ነው የተለወጠው።

በአእምሮዬ ገባኝ። በጆሮዬ ግን አልገባኝም። ማረፊያ የሚባለውን ነገር መስማት አልቻልኩም። መጀመሪያ የዘፈኑን የመጨረሻ ድምፅ ልያዝ አልኩ። ብዙ ዘፈን ግን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይጠፋል እንጂ የትም አያርፍም። ከዚያ የመጀመሪያውን ድምፅ ያዝኩ። እሱም አሳሳተኝ፤ ብዙ ዜማ ከማረፊያው አይነሳም። ከዚያ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ድምፅ የትኛው ነው ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አንዱን ዘፈን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ የቆጠርኩትም ልክ አልሆነም። ሰኔ ላይ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ተውኩት። ክራሩንም ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። አንድ ወር ከምናምን ዘፈን ስሰማ እንኳ ደስ አይለኝም ነበር። የምወደውን ነገር ራሴ ያበላሸሁት መሰለኝ።

ነሐሴ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። የዩኒፎርም ወቅት ነው፤ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ጠረጴዛው በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቷል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ስፒከሩ አንድ የቆየ ዘፈን እየዘፈነ ነው። ዘፋኙ ግጥሙን አጋምሶ ወደላይ እየወጣ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ስፒከሩ ፀጥ አለ። መኪናዬ ግን የእግር ስለሆነ አልቆመም፤ እግሬ ፔዳሉን እየመታ ነበር። እኔም አልቆምኩም። የቀረውን ዜማ አፌን ዘግቼ በጉሮሮዬ ቀጠልኩት። ድምፄ ወረደ፣ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ መቀጠል አላስፈለገኝም። እግሬም አብሮ ቆመ።

ያንን ድምፅ እንደያዝኩ፣ እስትንፋሴን እየቆጠብኩ ስልኬን ከፈትኩ። ከሁለቱ ጥቁሮች ሁለተኛው ነበር። ደብተሬ ላይ ያንን ዘፈን ትዝታ ብዬ ጽፌው ነበር። ባቲ ነው። ለካ ጉሮሮዬ ከጅምሩ ያውቀው ነበር! ጨለማው ውስጥ ብቻዬን እንባዬ መጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሠራው ይሄንን ብቻ ነው። መብራቱን ራሴ አጠፋለሁ። ማለትም ዘፈኑን መሃል ላይ፣ ስንኙ ሳያልቅ፣ ዜማው ከፍ ባለበት ቦታ አቆመዋለሁ። ከዚያ አፌን ዘግቼ እጨርሰዋለሁ። ድምፄ ያረፈበትን እይዝና ቁልፉን እፈልጋለሁ። አዝማቹ ካለቀ በኋላ አታቁሙት፤ ያን ጊዜ ዘፋኙ ያረፈበትን ነው የምትደግሙት፣ የራሳችሁን አይደለም። ጮክ ብላችሁም አትዝፈኑ። ጮክ ስትሉ ማማር ትፈልጋላችሁ፣ ማማር ስትፈልጉ ትሳሳታላችሁ። በቀን ሦስት ዘፈን ይበቃል። ከሦስት በላይ ስሠራ ጆሮዬ ደንዝዞ የመጀመሪያውን ማረፊያ ለሦስተኛውም ይሰጠዋል።

ለልምምድ በጣም የጠቀመኝ ኢትዮፒክስ የሚባለው የቆዩ ዘፈኖች ስብስብ ቁጥር 10 ነው። ርዕሱ ራሱ ትዝታ ነው። ማሕሙድ አሕመድ አለበት፣ ዓለማየሁ እሸቴ አለበት። ጌታቸው ካሳ ትዝታን በዝግታም በፍጥነትም የተጫወተው አለበት። የጌታቸውን ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። ምቱ ሌላ ነው፣ ስሜቱ ሌላ ነው። እያቆማችሁ በጉሮሯችሁ ጨርሱት። ፍጥነት ማረፊያን እንደማይነካ እኔ የተማርኩት ከዚያ ነው። ለአምባሰል ደግሞ ማሪቱ ለገሰ። የአምባሰል ንግሥት መባሏ ያለ ነገር አይደለም። እሷን ሰምቶ ማረፊያው የጠፋበት ሰው ካለ ጆሮው ሳይሆን ስፒከሩ ነው የተበላሸው።

አሁን ጠንከር ያለ ሐሳብ ልናገር። ቅኝት መማር የሚፈልግ ሰው በቪዲዮ ትምህርት ባይጀምር እላለሁ። እኔ ያየኋቸው ሁሉ በድምፅ ዝርዝር ነው የሚጀምሩት። ዝርዝሩ ነው እኔንም አራት ወር ያባከነኝ። መጀመሪያ ማረፊያ፣ ከዚያ ዝርዝር። በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ማረፊያ መስማት ከጀመርኩ ወዲህ በዘንድሮ ዘፈኖች ላይ ያለኝ አስተያየትም ተቀየረ። ድሮ "የአሁን ዘፈን ለዛ የለውም" ከሚሉት አንዷ ነበርኩ። አሁን እንደዚያ አልልም። ጥፋቱ ዘመናዊ መሆኑ አይደለም። ሮፍናንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው "ነፀብራቅ" አልበሙ የኤሌክትሮኒክ ምትና የአገር ቤት ድምፅ አንድ ላይ አሉ። ምቱ ምንም ቢከብድ ዜማው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የእኛዋ የቻግኒ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባውም (ጂጂ) እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ በወጣው አልበም ኸርቢ ሃንኮክን የመሰሉ የጃዝ ሰዎች አጅበዋታል። ከሥሯ ቤዙ የትም ይሂድ፣ እሷ ስትጨርስ ቤቷ ገብታ ነው። እኔ ያንን አልበም ስሰማ ጎጃም ነኝ። ሙላቱ አስታጥቄም የምዕራቡን የድምፅ ስምምነት (ሃርመኒ) ከእኛ አምስት ድምፅ ጋር ሲያጋባ ቅኝቱን አልገደለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሙዚቃው በአሜሪካዊው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲሰማ ሌላው ዓለም የደነገጠው ለዚህ ይመስለኛል።

የማልወደው ሌላ ነው። በአውቶቲዩን (ድምፅ በሚያስተካክል ሶፍትዌር) የታሸ ድምፅና ከሥር በየአራት ምቱ የሚዞር ያው የኪቦርድ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)። አቁሜ በጉሮሮዬ ልጨርሰው ስል ድምፄ የሚሄድበት ያጣል። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይላል። ዘፋኙ ባቲ ሊዘፍን ይፈልጋል፣ ኪቦርዱ ወደ ሌላ ቤት ይጎትተዋል። አቀናባሪዎቻችን አንድ ቀን ክራር ብቻ ይዘው ዘፋኙን ቢሰሙት እመኛለሁ።

ፊልሞቻችን ላይም ይሄው ነው የሚያናድደኝ። እናት ልጇን ስትቀብር ከኋላ የሚመጣው ማጀቢያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፒያኖ ነው። ለቅሶ እኮ አለን፣ ሙሾ አለን፣ ትዝታ ማይነር አለን! ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ስሰማ ኖሬያለሁ። ስሰፋ ስለምሰማቸው ሙዚቃቸውን ከምስላቸው ይልቅ አውቀዋለሁ። እነሱ ሰው ሲያለቅስ የራሳቸውን ዜማ ነው የሚያመጡት። ቋንቋው አማርኛ ሆኖ እንኳ ከሥር ቱርክ እንደሆነ ይሰማል። እኛ ደግሞ ቋንቋችንም መልካችንም የእኛ ሆኖ ማጀቢያው የማንም ያልሆነ እናደርገዋለን። ይሄን በቅንነት ነው የምለው፣ የአማርኛ ፊልም ስለምወድ ነው።

ስለ ማረፊያ ካወራሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን "ፍቅር እስከ መቃብር" ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት። ታሪኩ የእኛው አገር ነው፤ ዲማም ማንኩሳም። ዘፈን አይደለም፣ ንባብ ነው። ግን ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ አቁሜ ስሞክረው ድምፄ የት ወርዶ እንደሚያርፍ አወቅኩት። ስቀጥለው እሱም እዚያው አረፈ። አሥር ጊዜ ሞከርኩት፤ ስምንቱን አገኘሁ። የድራማ ተዋናይ መሆን የምትፈልጉ ልጆች ካላችሁ ይሄን ትረካ አጥኑት።

አሁን ያልተሳካልኝን ልናዘዝ። አምባሰልን በጆሮዬ እለየዋለሁ፤ ክራሬን ግን በአምባሰል መቃኘት አልቻልኩም። ሦስተኛውን አውታር ሳስተካክል ሁለተኛው ይላላል፣ ወደሱ ስመለስ ሦስተኛው ይሸሻል። አንዱን በጥሼዋለሁ። ባለፈው አንዳችሁ ክራር እንዴት ነው ስትሉኝ "ጥሩ ነው" ብያለሁ። ጥሩ አይደለም።

ሌላው አንቺሆዬ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ዘፈኖች ውስጥ አንድም አንቺሆዬ አልነበረም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ምክንያቱን አሁን ደርሼበታለሁ። የሌሎቹ ሁሉ ማረፊያ የሚደግፈው አምስተኛ ድምፅ አለው፤ ማረፊያው ዶ ከሆነ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ብሎ አምስተኛው ሶል ከላይ ሆኖ ያጸናዋል። አንቺሆዬ ያ ሶል የለውም፤ ግማሽ ድምፅ (አንድ ቁልፍ) ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ዜማው አረፈ ስትሉ እንኳ ገና የሚሄድ ይመስላል። መሞከር ለምትፈልጉ፦ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከዚያ በሶልና በላ መሃል ያለው ጥቁር ቁልፍ። ማረፊያው ሲ ነው፤ ዝቅ ያለው አምስተኛ ደግሞ እዚህ ፋ ነው። ቀስ ብላችሁ ውጡና ውረዱ።

እኔ ይሄንኑ በየማታው ካውያው እስኪቀዘቅዝ አሥር አሥር ጊዜ እያልኩት ነው። ድምፄ እስካሁን ሲ ላይ አያርፍም፤ ዶ ላይ ይንጠለጠላል። ነገ ሦስት የአንቺሆዬ ዘፈን እጀምራለሁ። የምታውቁት ጥሩ ካለ ንገሩኝ፤ ግን በክራር ብቻ የተጫወቱት ይሁን፣ ኪቦርድ ያልገባበት።