ጾመኛ እንግዳ በጃፓን ምግብ ቤት

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር፣ አንድ የጃፓን ምግብ ቤት ነው። በአካባቢው ሐበሻ ብዙ ነው። እሑድ እሑድ ነጠላ የለበሱ ቤተሰቦች ከቅዳሴ መልስ ጎራ ይላሉ። በሁዳዴ ደግሞ ይበዛሉ። የጃፓን ምግብ ለጾም ይመቻል ብለው ያስባሉ። ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ አይብ የሚመስል ቶፉ አለ፣ ሩዝ አለ፣ አትክልት አለ፣ ወተት ብዙም የለም። ችግሩ መረቁ ላይ ነው።

ሚሶ ሾርባን ውሰዱ። የሚታየው ቶፉ፣ የባሕር አረምና የሽንኩርት ቅጠል ብቻ ነው። ሚሶውም ከተብላላ አኩሪ አተር ነው የሚሠራው። መሠረቱ ግን ዳሺ የሚባል መረቅ ነው። ዳሺ አብዛኛውን ጊዜ ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረምና ከካትሱኦቡሺ ይወጣል። ካትሱኦቡሺ ማለት ተቀቅሎ፣ በጭስ ደርቆ፣ እንደ ወረቀት ሳስቶ የተላገ ዓሣ ነው። መረቁ ስለሚጠለል ሳህኑ ውስጥ የዓሣ ምልክት አይታይም። በሊጥ ተነክሮ በዘይት የሚጠበሰው ቴምፑራም ማጥቀሻው ዳሺ አለበት። ሊጡ ውስጥ ደግሞ፣ እኛ ቤት፣ እንቁላል ይገባል።

ባለፈው ሁዳዴ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ከነቤተሰባቸው መጡ። ጠረጴዛው የባልደረባዬ ነበር። ልጃቸው ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የሌለበት ምግብ ጠየቀ። ባልደረባዬ ሐበሻ አይደለም፤ በቅን ልቦና «ሾርባው ቶፉ ብቻ ነው» ብሎ አቀረበላቸው። እኔ ለሌላ ጠረጴዛ ሻይ ይዤ ሳልፍ እሳቸው አማትበው ሊጠጡት ነው።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይቆዩኝ። መረቁ ዓሣ አለበት።»

«ዓሣ? የቱ ጋ የኔ ልጅ?» አሉና በማንኪያ ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

ዓሣ በጾም ይበላል የሚል አለ፣ አይበላም የሚል አለ። እሳቸው በሁዳዴ ነክተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ልጃቸው ተቆጣ። መቆጣቱ ልክ ነው፤ አስቀድሞ ጠይቋል።

ማናጀሩ ኩሽናው በር ላይ ያዘኝ። «እንግዳ ፊት እንዲህ አይባልም። አለርጂ የለባቸው፣ ምን ይሆናሉ?» አለኝ። በጣም ከፋኝ። የአሜሪካ ሕግ ዓሣን፣ እንቁላልን፣ ስንዴንና አኩሪ አተርን ከዋና ዋናዎቹ አለርጂ አምጪዎች ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ሰሊጥም ዘጠነኛ ሆኖ ገብቷል። ኦርደሩ ላይ አለርጂ ተብሎ ከተጻፈ ቢላዋው ይቀየራል፣ መክተፊያው ይታጠባል። ጾም ሲባል ግን እንደ ተራ ምርጫ ይታለፋል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ነገር በእኛ ቸልተኝነት ሊያጣው አይገባም። ይህንኑ ነገርኩት። ድስቱን የምናየው እኛ ነን፤ እሳቸው ከማመን ሌላ ምርጫ የላቸውም አልኩት።

ነገሩን የፈታው ሼፋችን ነው። ጃፓን ያደገ ሽማግሌ ሰው ነው፤ ከኋላ ሆኖ ሲሰማ ነበር። ሾጂን ሪዮሪ የሚባል የቡድሃ መነኮሳት ምግብ እንዳለ አጫወተኝ። ሥጋም ዓሣም አይገባበትም። ዳሺው የሚወጣው ከኮምቡና ከደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ነው። እያወራ ትንሽ ድስት ጣደ። ኮምቡውን ውሃው ሳይፈላ አወጣው። ለሌላ ምግብ የተዘፈዘፈ ሺታኬ ነበረው፤ ውሃውን ጨመረበት። ሚሶውን መጨረሻ ላይ በጠበጠው።

ሾርባውን እኔው ወሰድኩላቸው፤ ከምን እንደተሠራም ነገርኳቸው። «መነኮሳቱም እንደኛ ይጾማሉ በለኛ!» አሉ፤ ሳህኑን ባዶ አደረጉት።

አሁን በጾም ወራት የኮምቡ ዳሺ ጠዋት ይዘጋጃል። ኦርደሩም ላይ፣ አለርጂ በሚጻፍበት ቦታ፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም ብለን እንጽፋለን። ማናጀሩም ተስማምቷል። ጾመኛ ሲመጣ በሩዝ የተጠቀለለ የኪያርና የአቮካዶ ሮል፣ ኤዳማሜ የሚባል የተቀቀለ እሸት አኩሪ አተርና ነጭ ሩዝ እመርጥለታለሁ። ኢናሪ ሱሺን ግን አልመክርም፤ ሩዙ የሚሞላበት የቶፉ ከረጢት የሚበስለው በተለመደው ዳሺ ነው። የአትክልት ቴምፑራም ገና አልተስተካከለም። ሊጡን ያለ እንቁላል መሥራት ይቻላል፤ መጥበሻ ዘይቱ ግን ሽሪምፕ የሚጠበስበት ነው። ሁለተኛ መጥበሻ እንዲገዛ ጠይቄያለሁ። እስኪገዛ ድረስ ለጾመኛ ቴምፑራ አላቀርብም።