ስልኩን የሚነካውና የብሩ ባለቤት

የገንዘብ መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስልክ፣ አንድ ተጠቃሚ ብለው ይነሣሉ። ሐዋሳ ላይ ይህ ስሌት ቶሎ ይፈርሳል። እናት ብር ስትልክ ስልኩን የሚነካካው የጎረቤት ልጅ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ወደ ገጠር ብር ስትልክም መልእክቱን ለአባቷ የሚያነብላቸው ባለሱቁ ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛ ያየውን በሲዳምኛ እየነገራቸው።

ትልቁ ጣጣ የሚስጥር ቁጥሩ ነው። መሃል ላይ ከተጠየቀ የብሩ ባለቤት ለልጁ ጮክ ብላ ትነግረዋለች፣ አጠገቧ ያለው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ስልክ ቁጥሩና የብሩ መጠን በቅድሚያ ይሞሉ። ቀጥሎ የተቀባዩ ስም ከነአባቱ፣ ከብሩ መጠን ጋር በትልቁ ይታይ፤ ከበደ ብቻ ከተባለ የትኛው ከበደ እንደሆነ ማን ያውቃል? እዚያው ገጽ ላይ «ስልኩን ለባለቤቱ ይስጡ» ይባል። ሚስጥር ቁጥሩ ለብቻው፣ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

«ግብይቱ አልተሳካም» የሚለው ጽሑፍ ማንንም አያረጋጋም። የብሩ ባለቤት ማወቅ የምትፈልገው ብሯ መቆረጥ አለመቆረጡን ነው። «ብሩ አልተቆረጠም፤ እንደገና ይሞክሩ» ቢል ልጁ ሳይጨነቅ ያነብላታል። ውጤቱ ገና ካልታወቀ ግን «እንደገና ይሞክሩ» ማለት ብሩን ሁለቴ ሊያስልክ ይችላል፤ «እየተጣራ ነው፤ ደግመው አይላኩ» ይባል።

በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይላካል። የምስጋናና የማስታወቂያ ቃላት ቦታውን ከመብላታቸው በፊት የብሩ መጠንና የላኪው ስም ይቅደሙ። በሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ዓሣ የምትሸጥ ሴት እጇ እርጥብ ነው፤ ስልኳን ሳታነሣ፣ ገና ከላይ በሚታየው መስመር ብሩ መግባቱን ማየት አለባት። የገዢውን ስክሪን ብቻ እንድታምን ማድረግ ለአጭበርባሪ በር መክፈት ነው።

የመተግበሪያው ሙከራ ላይም ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ጋብዙ፤ አንዱ ብር ያለው፣ ሌላው የሚረዳው። «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይሏችኋል። 50 ብር እንዲልኩ ስጧቸውና ዝም በሉ። ባለቤቱ ረዳቱን «አሁን ምን አለ?» ብሎ የጠየቀበትን እያንዳንዱን ቦታ መዝግቡ፤ መጀመሪያ የሚስተካከሉት ገጾች እነዚያ ናቸው።