የ48 ሰዓቱ ትእዛዝ

የራሱን ሶፍትዌር በነጻ የድረ ገጽ መሣሪያዎች ለማሠራት ያሰበ ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካዊው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስ ላይ የደረሰውን ቢያውቅ ይበጀዋል።

ድርጅቱ ሰዎች በብድር መዝገባቸው ላይ ቅሬታ የሚያቀርቡበት የራሱ ድረ ገጽ ነበረው፤ ገጹ የሚሠራው አፓቺ ስትራትስ በተባለው ነጻ መሣሪያ ነው። ማርች 7 የስትራትስ አዘጋጆች ከባድ የደህንነት ቀዳዳ መገኘቱን ከነማስተካከያው ይፋ አደረጉ። ቀዳዳው ፋይል በሚቀበለው ክፍል ላይ ነው፤ አጥቂው የሚልከውን ትእዛዝ ሰርቨሩ (ገጹ የሚሠራበት ኮምፒውተር) እንደ ራሱ ትእዛዝ ይፈጽመዋል። ማርች 9 «በ48 ሰዓት ውስጥ ይታደስ» የሚል ኢሜይል በኢኩዊፋክስ ውስጥ ከ400 ለሚበልጡ ሰዎች ተላከ። የተቀባዮቹ ዝርዝር ግን አርጅቶ ነበርና ገጹን ለሚንከባከቡት ሰዎች አልደረሰም። በሳምንቱ ፍተሻ ተደረገ፤ ቀዳዳ የሚፈልገው ፕሮግራም (ስካነሩ) ዋናውን ማውጫ (ፎልደር) ብቻ አይቶ አለፈ፤ ስትራትስ የተቀመጠው ግን በንዑስ ማውጫ ውስጥ ነበር።

ሜይ 13 ሌቦቹ ገቡ። ያልተመሰጠሩ የይለፍ ቃሎች በፋይል ተቀምጠው ስላገኙ፣ ከቅሬታው ገጽ ጋር ምንም ግንኙነት ወደሌላቸው 48 ዳታቤዞች ተሻገሩ። 76 ቀን ቆዩ። የሚወጣውን መረጃ የሚፈትሸው መሣሪያ፣ የተመሰጠረውን መረጃ ከፍቶ ለማየት የሚያስፈልገው ዲጂታል ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎበት ስለነበር ምንም አላየም፤ ጁላይ 29 ሰርተፍኬቱ ሲታደስ ሌብነቱ በዚያው ዕለት ታየ። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተወስዷል።

ጥፋቱ የነጻው መሣሪያ አልነበረም። አዘጋጆቹ ማስተካከያውን ከሌቦቹ መግባት ሁለት ወር ቀድመው ሰጥተዋል። የጎደለው በድርጅቱ ውስጥ «ስትራትስ እዚህ ጋ አለ፤ ኃላፊው እኔ ነኝ» የሚል ሰው ነው። ለደመወዝና ለሒሳብ የተዘጋጀ ሶፍትዌር መግዛት ይሻላል። በሌላ ድርጅት ውስጥ የሌለ የራስ አሠራር ካለ ግን ማሠራቱ ያዋጣል፤ በጀቱ ግን ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረበት ቀን አይዘጋም፣ በየወሩ የጥገና ሰዓት ያስፈልገዋል።

ሶፍትዌሩ ላራቬል በተባለው ነጻ መሣሪያ የተሠራ ከሆነ «ኮምፖዘር ኦዲት»፣ ኖድ በተባለው ከሆነ «ኤንፒኤም ኦዲት» የተባለውን፣ የታወቁ ቀዳዳዎችን የሚፈልግ ትእዛዝ በየሳምንቱ ማስኬድ ደቂቃ አይፈጅም። ውጤቱ በስም ለሚታወቁ ሁለት ሰዎች ይድረስ፤ አንዱ ሥራ ሲለቅ ዝርዝሩ በዚያው ቀን ይስተካከል። ለድረ ገጾች ሰርተፍኬት በነጻ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት የሚገኘው የተለመደው ሰርተፍኬት የሚያገለግለው 90 ቀን ነው፤ ራሱ እንዲታደስ ቢደረግም እድሳቱ ሲከሽፍ መልእክቱ ለእነዚሁ ሁለት ሰዎች ይሂድ።